የድንኳኑ ኩላሊት

በየሰፈሩ፣ ማንም ሳይሾመው፣ የድንኳን በር ላይ የሚቆም አንድ ሰው አለ። ሹም ቢወርድ፣ ወረዳ ቢከፈል እሱ ከቦታው አይነቃነቅም። ሠርግም ይሁን ተዝካር፣ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት እሱ ተተክሎ ይገኛል። ለእኛ ለቦንጋዎቹ የደረሱን ክቡር ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው።

ክቡርነታቸው አንድ የወይራ ዱላና ሁለት ቃል አላቸው። ሰው ሲጋፋ ዱላውን መግቢያው ላይ አጋድመው «ቀስ! ወጥ እግር የለውም፣ አይሸሽም!» ይላሉ። ሰው ሲሳሳ ወደ መውጫው ዞረው እዚያ ያጋድሙትና «ወዴት ነው? ገና ምኑ ተበላ!» ይላሉ። ያቺ ዱላ ያላስቆመችው ፍጡር የለም። አንድ ጊዜ ሙሽራውን ራሱን «የማን ወገን ነህ?» ብለው ከገዛ ሠርጉ በር ላይ አቁመውት፣ ሚዜዎቹ መስክረውለት ነው የገባው።

በእኔ ላይ ግን ይብሳሉ። ከአምና ጀምሮ፣ ድግስ በሄድኩ ቁጥር፣ ወጤን አስጨልፌ ሳልቀመጥ ሳህኔን ከእጄ ይወስዱና ወደ ጓዳ ይልኩታል። በምትኩ ለዛ የሌለው ጎመንና ቆጮ ይመጣልኛል። «ምነው ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ምን በደልኩ?» ስላቸው «ሥርዓት ነው እትዬ ተሾመች» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ቂም ይዤባቸው ነበር።

የጎረቤቴ የበላይነሽ ልጅ ፀደንያ ልትዳር ስትል፣ ሴቶቹ ተሰብስበን ሽንኩርት እንልጣለን፣ እሳቸው ግቢው ውስጥ የድንኳን እንጨት ይተክላሉ። ነርስነት የምትማረው የልጅ ልጄ ህይወት ፈተና ስለነበረባት እየላጠች ጮክ ብላ ታጠናለች።

«ኩላሊት መግቢያና መውጫ አለው። ግፊት ሲበዛ መግቢያውን ያጠባል፣ ወንፊቱ እንዳይጎዳ። ግፊት ሲያንስ መውጫውን ያጠባል፣ ማጣራቱ እንዳይቋረጥ።»

ጋሽ ተክለጻድቅ መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ይህ ኩላሊት የምትይው የማን ልጅ ነው?»

«ሰው አይደለም ጋሼ! እዚህ ጀርባዎ ጋ ያለው ነው፤ ደም የሚያጣራው።»

«ታዲያ የእኔን ሥራ ማን ነገረው?»

ሽንኩርቱ ሲያስለቅሰን የቆየነው በሳቅ አነባን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ቀረብ ብለው ተቀመጡ።

«ትንንሹ ሁሉ በወንፊቱ ያልፋል» አለች ህይወት። «ትልልቁ፣ የደም ሴሉና ፕሮቲኑ፣ እዚያው ይቀራል። ካለፈው ደግሞ የሚጠቅመውን መልሶ ያስገባል። ውሃውንማ ከሞላ ጎደል ሁሉንም።»

«ያስወጣውን መልሶ?»

«አዎ። ያው ደም ነው በቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው። ወደ መውጫው ሲደርስ ጨው ይቀምሳል፤ ከበዛበት ውሃው ተጣድፎ አልፏል ማለት ነው፤ መግቢያው ይጥበብ ብሎ ይልካል።»

«ልክ ነው። ሳህን ላይ ሥጋ ተርፎ ከወጣ ሰዉ ተጣድፏል። ያስወጡትን መመለስ ግን አላውቅም ነበር።»

ክቡርነታቸው «አላውቅም» ሲሉ የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነው። ህይወት «ሲደክም እግር ያብጣል» ብላ ስትቀጥል እኔ እግሬን በቀሚሴ ሸፈንኩ።

የሠርጉ ዕለት ሰማዩ ተቀደደ። በቦንጋ ጥርም ይዘንባል። የበላይነሽ ዘመዶች ከደካና ከቢታ ገነት ሊመጡ ተነስተው መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ቀረ። የሙሽራው ወገን ግን ከዋጫ በደህና ደረሰ፣ ያውም አጎቱን ጋሽ ሳሙኤልን ይዞ። ሽምግልና ሲመጡ «ልጅቱ ወገን የላትም ይባላል» ያሉት እሳቸው ናቸው። በላይነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ከድንኳኑ ገሚሱ ባዶ ነው፣ እንግዶቹ መንገዱ ጫፍ ላይ ከመኪና እየወረዱ ነው።

«አለቀልኝ» አለች በላይነሽ ጓዳ ገብታ። «ያሙኝን በዓይናቸው ሊያዩት ነው።»

ጋሽ ተክለጻድቅ ዱላቸውን አነሱ። «ህይወት፣ ያስወጣውን ምን ያደርገዋል ነበር ያልሽው?»

«መልሶ ያስገባዋል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ተነሱ!»

ጉድ በሉ። እንግዶቹ እንደተቀመጡ እኛ ጎረቤቶቹ በፊት በር ገብተን ጋሽ ሳሙኤልን እጅ ነስተን፣ አንድ ጉርሻ ቀምሰን በጀርባ እንወጣለን። በጓዳው ዞረን፣ ጭቃውን ረግጠን እንደገና በፊት በር። «ነጠላ ገልብጡ! ኮፍያ ተለዋወጡ!» እያሉ ጋሽ ተክለጻድቅ በሹክሹክታ ያዛሉ። ሥጋ ሻጩ ሙሌ ሊከተለን ሲነሳ ዱላዋ ደረቱ ላይ አረፈች። «አንተ ትልቅ ነህ፣ በወንፊት አታልፍም፤ ተቀመጥ!» ስንፈጥን መግቢያውን ያጠባሉ፣ ስንሳሳ መውጫውን።

ጋሽ ሳሙኤል ጉሮሯቸው ላይ ጉርሻ ቆመ። «ይህ ሁሉ ሕዝብ የሷ ወገን ነው?»

«ግፊቱን ቀንሼልዎት ነው እንጂ ጌታዬ፣ ገና ውጭ አለ።»

ጋሽ ሳሙኤል እኔን ደጋግመው ሲስሙኝ ቆይተው «እትዬ፣ እርስዎን የሚመስሉ እህቶች አሉዎት?» አሉኝ።

«ቤተሰባችን ይመሳሰላል» አልኳቸው።

ሙሽሮቹ ሲወጡ ጋሽ ሳሙኤል በላይነሽ ፊት ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እመቤቴ፣ ተሳስተን ኖሯል። እንዲህ ያለ ወገን እኛም የለን።» በላይነሽ ጭቃ እስከ ጉልበታችን የደረሰብንን ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አየችን። «እውነትዎን ነው» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «ወገኔ ናቸው።»

እንግዳው ሲያልቅ ቀይ ወጥ አስጨልፌ ልቀመጥ ስል ያቺ ዱላ ፊቴ ተጋደመች። ሳህኔ ሄደ፣ ጎመንና ቆጮው መጣ።

«ዛሬ እንኳ! እንዲያ ዞሬልዎት?»

ዙሪያቸውን አይተው ጎንበስ አሉ። «ጨው አልነካውም። በላይነሽ ለብቻ ነው ያሠራችልኝ።»

«ማን ነገረዎት?» ጤና ጣቢያ ያሉኝን እንኳን ለእሳቸው፣ ለህይወትም አልተነፈስኩም።

«በር ላይ የሚቆም ሰው መጀመሪያ የሚያየው እግር ነው፣ እትዬ። ከአምና ጀምሮ ከጫማዎ ይተርፋል። ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስ፤ ከዚያ እርስዎ ይንገሯት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ።»

ጎመኑን በላሁ። ልነሳ ስል «ወዴት ነው? ገና ምኑ ተበላ!» አሉኝ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጤና ጣቢያ ሁለቱ ኩላሊቶቼ ደክመዋል ብለውኛል። ሦስተኛው ግን ዱላውን ይዞ በር ላይ ቆሟል።