አቧራ መለኪያዋን አቧራ እንዳይነካት

የማይታይ ነገር ማስተዳደር ቀላል አይደለም። መሬት የሚያስተዳድር ሰው አጥር አለው፤ ውኃ የሚያስተዳድር ቧንቧ አለው። አየር የሚያስተዳድር ግን የሚጨብጠው ነገር ስለሌለው ወንበሩን አጥብቆ ቢይዝ ሊፈረድበት አይገባም። ይህን የምለው የአየር ጥራት መምሪያችንን ዋና ኃላፊ ለማሞካሸት አይደለም፤ እሳቸውን ለማሞካሸት የእኔ ብዕር አቅም የለውም። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። የተባለውን እጽፋለሁ፤ ሲያዙኝ ደግሞ ያልተባለውንም እጽፋለሁ።

መምሪያችን ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ከመንገዱ ማዶ አሮጌ ጎማ የሚያቀልጥ ፋብሪካ አለ። የጭስ ማውጫው ጫፍ ከሁለተኛው ፎቅ መዝገብ ቤት መስኮት ጋር ትክክል ስለሆነ ጭሱ እንደ ባለጉዳይ ዘው ብሎ ይገባል። ልዩነቱ፣ ጭሱን ነገ ተመለስ የሚለው የለም።

በዚያ መስኮት ሥር ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጡት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ መዝገብ እንላቸዋለን። ደረታቸው ያፏጫል። ሐኪማቸው፣ "ይህን ጭስ አንድ ዓመት ከደገሙት ደረጃ መውጣት ቀርቶ ጫማ ማሰርም ያቅትዎታል" ብሏቸዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ጭስ ማውጫው ላይ ማጣሪያ እንዲገጥም የሚያዝ ደብዳቤ አርቅቀው ለኃላፊው አቀረቡ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። ከተፈረመ ፋብሪካው በሠላሳ ቀን ውስጥ ይገጥማል፤ ካልገጠመ ይዘጋል።

ኃላፊው ግን በማስረጃ የሚያምኑ ሰው ናቸው።

"እትዬ፣ ጭሱን እኔም አየዋለሁ" አሏቸው። "ዓይን ግን መለኪያ አይደለም። መሣሪያ ይምጣና ይመስክር፤ ያን ጊዜ እፈርማለሁ።"

መሣሪያዋ መጣች፤ ጣሪያ ላይ ተተከለች። አየር በአፏ ትስባለች፣ ውስጡ ያለውን ደቃቅ አቧራ ትለካለች፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ መብራት ታበራለች። በተተከለች በሰባተኛው ደቂቃ ቀይ አበራች። የተከላት ባለሙያ እየሮጠ ወረደ።

"ጌታዬ፣ ቀይ ናት!"

"አዲስ አይደለች እንዴ?"

"አዲስ ናት።"

"እንግዳ አገሩን እስኪለምድ ሁሉም ነገር ይከብደዋል። ጊዜ ስጧት እንጂ!"

ሁለት ሳምንት ተሰጣት፤ አልለመደችም። እትዬ መዝገብም በበኩላቸው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ጠዋት ጠዋት የመስኮቱን ደፍ በነጭ ጨርቅ ይጠርጋሉ፤ የጠቆረውን ጨርቅ ወረቀት ላይ ለጥፈው ቀኑን፣ ቁጥሩንና "የብክለቱ ምንጭ፦ ፋብሪካው" የሚለውን ይጽፉበትና በፋይል ያስሩታል። ኃላፊው ይህን ሲሰሙ ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ "የመወልወያ ጨርቅ ማስረጃ ሊሆን ስለማይችል ከዚህ ድርጊት እንዲቆጠቡ" የሚል። እትዬ ደብዳቤውን በአክብሮት ተቀበሉ፤ ቁጥር ሰጡት፤ ከጨርቆቹ ጋር አብረው አሰሩት። በማግስቱም ደፉን ጠረጉ።

በሦስተኛው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። የንብረት ክፍሉ ሹም እጃቸውን አወጡ። እኚህ ሰው መሥሪያ ቤቱ የገዛውን ዕቃ ሁሉ ላስቲክ የሚያለብሱ ናቸው። ወንበሮቻችን ከተገዙ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ላስቲካቸው ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም። ስንቀመጥ እንንሸራተታለን፤ ስንነሣ እንንኮሻኮሻለን።

"ያቺን የመሰለች ዕቃ" አሉ ሹሙ፣ እንባ እየተናነቃቸው፣ "ጣሪያ ላይ ራቁቷን ትውላለች! ትናንት ወጥቼ አየኋት። አቧራ በአቧራ ሆናለች!"

"አቧራ መለኪያ እኮ ናት" አለ ባለሙያው።

"ብትሆንስ? ትኩሳት ይለካል ተብሎ ቴርሞሜትር እሳት ውስጥ ይጣላል?"

ኃላፊው "ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው!" ብለው ሐሳቡን አጸደቁት። ማዶ ጎማው እየተቃጠለ ነበር። ሹሙ በዚያው ቀን ጣሪያ ወጥተው መሣሪያዋን ወፍራም ላስቲክ አለበሷት፤ አፏንም በገመድ ጥብቅ አድርገው አሰሩላት።

በማግስቱ አረንጓዴ አበራች።

"አላልኳችሁም? ለመደች!" አሉ ኃላፊው።

ስድስት ወር ሙሉ አረንጓዴ ሆነች። በየወሩ ለበላይ አካል ሪፖርት ላክን። ብክለት በመጀመሪያው ወር "ቀነሰ"፣ በሦስተኛው "ጠፋ"፣ በስድስተኛው "ስሙም ተረሳ"። ሪፖርቱን የምጽፈው መስኮቱን ዘግቼ ነበር፤ አለዚያ ወረቀቱ ይጠቁርብኛል። እትዬ መዝገብ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ለመድረስ ሦስት ቦታ ማረፍ ጀመሩ። እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ ልናገር፤ ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ዓይናቸውን ማየት አፍር ነበር።

ከዚያ ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። ኃላፊው ሽልማት ነው ብለው ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡና ጮክ ብዬ እንዳነብ አዘዙኝ።

"መምሪያው ብክለትን ፈጽሞ በማጥፋቱ ከልብ እናመሰግናለን።" ተጨበጨበ። "የተቋቋመበት ዓላማ ሙሉ በሙሉ ስለተሳካ..." ይበልጥ ተጨበጨበ። "...ከዚህ ወር መጨረሻ ጀምሮ እንዲዘጋ ተወስኗል። ሕንፃውም የማስፋፊያ ቦታ ለጠየቀው ለማዶው ጎማ ፋብሪካ ይሰጣል።"

ጭብጨባው ቆመ። የንብረት ክፍሉ ሹም ብቻ ትንሽ ዘግይተው አቆሙ።

ኃላፊው ጣሪያ ላይ እንዴት እንደወጡ አላየሁም። ስደርስ ላስቲኩን በጥርሳቸው እየቀደዱት ነበር። መሣሪያዋ ገና አንድ ጊዜ እንደተነፈሰች ቀይ አበራች። እዚያው ቆመው ለበላይ አካል ደወሉ።

"ቀይ ናት! የምሥራች፣ ቀይ ናት!"

"የአንድ ቀን ቀይ አጋጣሚ ነው" ተባሉ። "የስድስት ወር ማስረጃ ካለዎት ያምጡ።"

ቁልቁል ወደ መዝገብ ቤት ወረዱ፤ እኔም ከኋላቸው።

"እትዬ፣ ያ... ያ ጨርቅ አለ?"

"የቱ ጨርቅ ጌታዬ?"

"ደፉን ሲጠርጉበት የነበረው!"

"ጨርቅ ማስረጃ አይሆንም የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል እኮ።"

"የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ ብሎ የጻፈው?"

እትዬ ፋይሉን ገልጠው ፊርማውን አሳዩዋቸው። ኃላፊው የራሳቸውን ፊርማ እንደ ባዕድ ሰው ፊርማ አዩት።

"ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" ብለው ጀመሩ እትዬ፤ ሳል አቋረጣቸው። ሳሉ እስኪያልፍ ጠብቀን ቆምን። ተረቱን ሳይጨርሱት ከመሳቢያቸው ያንን ሳይፈረም የቀረውን የማጣሪያ ደብዳቤ አወጡ። "መቶ አርባ ሁለት ጨርቅ አለኝ፤ ሁሉም ቀን አለው። መጀመሪያ ግን ይቺን ይፈርሙልኝ።"

ኃላፊው ቆመው ፈረሙ።

ጨርቆቹ በካርቶን ተጭነው ሄዱ፤ መምሪያውም ተረፈ። ፋብሪካው በሃያ ዘጠነኛው ቀን ማጣሪያውን ገጠመ። ኃላፊው "ብክለትን በጨርቅ የመለካት ዘዴ በማግኘታቸው" ተሸለሙ። ሲሸለሙም "ሁልጊዜ እንደምለው፣ ከዓይን የሚበልጥ መለኪያ የለም" ብለው ንግግር አደረጉ፤ እኔም ጻፍኩት።

አሁን እትዬ መዝገብ ደረጃውን ሳያርፉ ይወጡታል፤ ትናንትማ እያንጎራጎሩ ነበር። መሣሪያዋም ያለ ላስቲክ አረንጓዴ ታበራለች፣ የምሯን። እንቅልፍ ያጡት ኃላፊው ብቻ ናቸው። ዛሬ ጠዋት መዝገብ ቤት ገብተው የዕለቱን ጨርቅ ጠየቁ። እትዬ ሰጧቸው። አገላብጠው አዩት፤ ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። ነጭ ነው።

ግራ ቀኝ አዩና ጎንበስ ብለው የግራ ጫማቸውን ወለወሉበት። ከዚያ ቀና ብለው ጨርቁን ለእትዬ መለሱላቸው።

"ቁጥር ይስጡልኝ" አሉ።

እትዬ ተቀበሏቸው። ጨርቁን ወረቀት ላይ ለጠፉ፤ ቀኑን ጻፉ፤ ቁጥር ሰጡት። "የብክለቱ ምንጭ" የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን ትንሽ አቆም አደረጉና በጥሩ የእጅ ጽሑፍ "ዋና ኃላፊው" ብለው ሞሉት።