የጋሽ ታደሰ ሳምቡሳና የእኔ ታይምአውት

ዛሬ በሳምቡሳ ነው የተዋረድኩት። ቁጭ በሉ፣ ልንገራችሁ።

ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። አክስቴ ወይንሸት ኢስት ዮርክ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ ዌብሳይቱን የሠራሁላት እኔ ነኝ።

ደንበኞቿ "ኦርደር ስናደርግ ገጹ ዝም ብሎ ይሽከረከራል" እያሉ ሲያማርሩባት ባለፈው ሳምንት ታይምአውት ጨመርኩበት። ሰርቨሩ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ፣ ገጹ መጠበቁን ትቶ "አልተሳካም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ" ይላል።

ኮርቼበት ፖስት ሁሉ አድርጌ ነበር። ላይክ ያደረጋችሁ አላችሁ።

ዛሬ ጠዋት ስገባ አክስቴ ዱቄት እስከ ቅንድቧ ደርሷል። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ የፍሪጁ አናት ሳይቀር የምስር ሳምቡሳ ሆኗል።

"ጋሽ ታደሰ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና የቶርንክሊፍን ሰፈር በሙሉ ሊጠሩ ነው መሰለኝ" አለችኝ ደስ ብሏት። "ትሪ በትሪ ነው ያዘዙት።"

ላፕቶፔን ከፈትኩ። ያው ኦርደር፣ በተከታታይ፣ ከአንድ ስልክ።

ደወልኩላቸው።

"ጋሽ ታደሰ፣ ስንት ትሪ ነበር የፈለጉት?"

"አንድ። እንደገና ይሞክሩ ሲለኝ ሞከርኩ። ደግሞ አለኝ፣ ደግሞ ሞከርኩ። በመጨረሻ ታከተኝና ተውኩት። አልተሳካም አይደል፣ ልጄ?"

ተሳክቷል፣ ጋሼ። ሁሉም ተሳክቷል።

ሰርቨሩ እያንዳንዱን ትእዛዝ ተቀብሏል፤ የዘገየው መልሱን ለመላክ ነው። ገጹ "መጠበቅ ሰለቸኝ" ማለት ሲገባው፣ "አልተሳካም" እንዲል ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ይህንን ሥራ ቦታ ለጁኒየሮች የማስተምረውም እኔ ነኝ።

አክስቴ ስነግራት እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"እና ይሄን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?"

ስልኩን ገና ያልዘጉት ጋሽ ታደሰ "አምጪው፣ የምኖርበት ፎቅ ሰው አለ አይደል" አሉኝ።

ትሪ ታቅፌ በባስ ተመላለስኩ። ሎቢው ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ተሰልፈው በሉ። ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ቆመው ለገባው ሁሉ "ኮምፒውተሩን ያበላሸችው ይቺ ናት፤ አክስቷ ግን ባለሙያ ናት" እያሉ አስተዋወቁኝ።

ከሰዓት በኋላ ኮዱን አስተካከልኩ። አሁን የመጠበቂያው ሰዓት ሲያልቅ ገጹ መጀመሪያ ትእዛዙ ደርሶ እንደሆነ ያጣራል፤ ቢደጋገምም አንዱን ብቻ ይይዛል።

አክስቴ ግን ዌብሳይቱን ትታ በሩ ላይ "በስልክ እዘዙ" የሚል ወረቀት ለጥፋለች። ይቅርታ ብዬ ቴክስት ላክሁላት። እስካሁን መልስ የለም።

አልደረሳት ይሆን? ወይስ ደግሜ ልላክ?