ለልጅ የተሠራች ጀልባ

ለልጁ መጫወቻ ሠርቶ ራሱ የሚጫወትበት አባት አይታችኋል? እኔ ቡታጅራ ውስጥ አይቼ አይቼ ሰልችቶኛል።

ጎረቤቴ ከድር አዲስ አበባ ነው የሚነግደው፤ አገሩ የሚገባው ለአረፋ ብቻ። ዘንድሮ ከተበላሸ ትራንዚስተር ራዲዮ የነቀለውን ማግኔት ይዞ መጣ። ቡሽ ላይ ሚስማር ሰክቶ ጀልባ ሠራና ሳፋ ውኃ ላይ በማግኔቱ ያስከትላት ጀመር። ሪዛም ሽማግሌ ሁሉ ከቦ «ማሻአላህ!» ይላል።

«አባዬ፣ አንዴ እኔ ልሞክር» አለች ልጁ ዘይነባ።

«ቆይ፣ ታበላሺዋለሽ።»

በዓሉ እስኪያልቅ ቆየች። ሲሄድ «እዚህ ይጠፋል» ብሎ ማግኔቱን ኪሱ ከተተው። ሸኝተነው ስንመለስ ዘይነባ ሳፋው ላይ አጎንብሳ ጀልባዋን እፍ አለቻት። ጀልባዋም ሄደችላት።

«ለአባዬ እንዳትነግሩብኝ» አለችን። «እኔ ልንፋ ይላል።»