በጡረታ የተጀመረው የበረዶ ሆኪ ሕይወቴ

ትናንት ረፋድ ላይ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ውሻውን ሁሉ ጥላ ሥር በከተተችበት ሰዓት፣ በሕልሜ ዳር በሌለው በረዶ ላይ ቆሜያለሁ። በእጄ ረጅም ዱላ፣ በእግሬ ሥሩ ስለት የሆነ ጫማ። የበረዶ ሆኪ የሚሉትን ጨዋታ በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ቀን ነው፣ እሱም በቴሌቪዥን፣ እግር ኳሱ እስኪጀምር ስጠብቅ። እኔ መክት ወልደሰንበት የማውቀው ኳስ ነው፤ በወጣትነቴ ተከላካይ ሆኜ ስጫወት ኖሬያለሁ። በሕልሜ ግን የሆኪ ተከላካይ ነኝ፣ ያውም ስሙ የተጠራ።

ደቻቱ ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ግግር በረዶ ሆኗል። ሰዉ ግን ሞቆታል። ተመልካቹ በካናቴራ በረዶው ላይ ተቀምጦ በካርቶን ያራግባል።

መጀመሪያ የሆነው የስንብት ሥነ ሥርዓቴ ነበር። የፌዴሬሽኑ ሊቀመንበር የተባሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ተንሸራተው መጡና አበባ አስታቀፉኝ።

"እንኳን ደስ ያለህ፤ ዛሬ ጡረታ ወጥተሃል" አሉኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ ገና አንድ ጨዋታም አልተጫወትኩ።"

"እሱማ ከጡረታ በኋላ ነው። ሰው መጀመሪያ ካላረፈ በምን አቅሙ ይሠራል?"

እውነታቸውን ነው ብዬ አበባውን ተቀበልኩ። ሰውነቴን ሳየው በርግጥም የጡረተኛ ነው። የፊት ጥርሶቼ የሉም፣ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሏል፣ አንዱ ትከሻዬ ወርዷል። አጠገቤ አብዲ ቆሟል። አብዲ በእውኑም ዓለም ጓደኛዬ ነው። መሐል ተከላካይ ሆነን ጎን ለጎን ስንጫወት ኖረን፣ አንድ ቀን እግሩ ተሰበረና ኳስ አቆመ። በጀርባዬ አዝዬ ከሜዳ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አጥንቱ ሲገጥም ስላጠረ ከዚያ ወዲህ ያነክሳል። በሆኪም ተከላካይ የሚገባው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነውና፣ እዚያም የእኔ ጥንድ እሱ ነበር፣ እንዳነከሰ።

"ጡረታችንን ጨርሰናል፤ በል እንግባ" አለኝ።

የመጀመሪያ ጨዋታችን የሽንሌ ግመሎች ከተባለ ቡድን ጋር ነበር። ለካ እውነትም ግመሎች ናቸው። አራቱም እግራቸው ላይ ስለት አስረው እንደ ነፋስ ይመጣሉ። አንዱ አጥቂ ግመል ወደኔ ሲበር መጥቶ፣ ልክ ሊደርስብኝ ሲል አንገቱን ዝቅ አደረገ።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ ልገጭህ ነው" አለኝ በትሕትና።

"ግድ የለም፣ ግጨኝ።"

ገጨኝና ከሜዳው ዳር ካለው ጣውላ ጋር አጣበቀኝ። ስነሳ አፌ ውስጥ አንድ ነገር ሞላ። በምላሴ ዳበስኩት፤ ጥርስ ነው።

"ጥርስ አበቀልክ እኮ!" ብሎ አብዲ በሳቅ ፈረሰ።

እዚያ አገር ምት ይሰጣል እንጂ አይወስድም። ይህን ካወቅን በኋላ ግመሎቹን እየተከተልን "እኔንም! እኔንም!" እንል ጀመር። ደጎች ናቸው፤ "አይዞህ" እያሉ ገጩን። ትከሻዬ ተቃና፣ ጉልበቴ ተላወሰ። በመጨረሻ ከሁሉም የገዘፈው ግመል የአብዲን እግር መታው፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ያንን ድምፅ በእውኑ ዓለም አንዴ ሰምቼዋለሁ።

አብዲ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሁለቱን እግሮቹን አጠጋግቶ ቆመና ቁልቁል አያቸው።

"መክት" አለኝ፣ "ና እየው፤ መሬቱ ተስተካከለ።"

አለቀስኩ። እንባዬ ከጉንጬ ወደ ግንባሬ ሽቅብ ፈሰሰ።

ለማልቀስም ጊዜ አልነበረም። የሚጫወቱባት ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ እያፏጨች ወደ ጎላችን ትመጣ ነበር።

"መክት፣ በናትህ አቁመኝ!" ብላ ጮኸች። "መረብ ውስጥ አታስገባኝ፤ እዚያ ብቻዬን ነኝ!"

በደረቴ ተኛሁላት። ጎድኔ ላይ አርፋ "ኡፍ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ተመልካቹ ካርቶኑን ጥሎ ተነሳ፤ መለከት ተነፋ፣ እልልታው ቀለጠ። እዚያ አገር የሚጨፈረው ጎል ሲድን ነው። ጎል ያገባ ሰው አንገቱን ይደፋል። አንዱ አጥቂያችን ሳያስበው አግብቶ፣ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ሕዝቡን ይቅርታ ሲጠይቅ አየሁት። "አይዞህ ልጄ፣ በማንም ይደርሳል" አሉት። ዳኛው ያለምክንያት ፊሽካ ሲነፋ ጊዜ ተመልካቹ ራሱ ይዞ ቅጣት ክፍል አስገባው። እሱም አመስግኖ ገባ፤ የፓፓያ ጭማቂ ወሰዱለት።

ጨዋታው ሲያልቅ እኛ ተጫዋቾቹ የተመልካቾቹን ፊርማ ለማግኘት ወደ መቀመጫው ተሯሯጥን። እኔ የፈለግሁት የእማማ ከድጃን ነው። እማማ ከድጃ በኳስ ዘመኔ ስታዲየም በር ላይ ሳምቡሳ ይሸጡ የነበሩ ሴት ናቸው። በሕልሜ በአጃቢ ተከብበዋል። በአጃቢዎቹ ብብት ሥር ሾልኬ ዱላዬን ዘረጋሁላቸው።

"ለማን ብዬ ልፈርም?"

"ለመክት።"

ቀና ብለው አዩኝ። "መክት አንተ ነህ እንዴ! አንተ ከኋላ ካለህ እኔ ፊቴን ወደ ሜዳው ሳላዞር ነበር የምሸጠው። ጎል እንደማይገባ አውቃለኋ!"

በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ ሰው የለም። "ያኑርልኝ እማማ" ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ከዚያ ዘመኑ ወደ ኋላ ይሮጥ ጀመር። ዋንጫ በላን፤ ከዚያ ለዋንጫ አለፍን፤ ከዚያ ውድድሩ ተጀመረ። አምበል ነበርኩ፤ ቀጥሎ ምክትል ሆንኩ፤ ቀጥሎ አዲስ ገቢ ተብዬ የሌሎችን ሻንጣ ተሸከምኩ። በየጨዋታው እናንሳለን። ሪዛችን ጠፋ፣ ድምፃችን ቀጠነ። አንድ ጠዋት አብዲ ለግላጋ ጎረምሳ ሆኖ መጣና እጁን ዘረጋልኝ።

"ምነው?" አልኩት።

"መሰናበቴ ነዋ። ነገ እኮ ገና አልተዋወቅንም።"

እጁን አልለቅም አልኩ። ጓንቱ እጄ ላይ ቀረ፤ እሱ የለም።

ጓንቱን ይዤ ወደ ሜዳው በር ሄድኩ። በሩ ላይ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ የኔን ጫማ ስለት በሞረድ ይስላል። ቀና ሲል አባቴ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በሕይወት ሳለ የኳስ ጫማዬን ጣሪያ ላይ እየወረወረ ያስቸግረኝ ነበር፤ አንድም ቀን ስጫወት ሳያየኝ ሞተ።

"ና ቁጭ በል፣ ላስርልህ" አለኝ። ተንበርክኮ ማሰር ጀመረ። "የሚመጣውን አይተሃል። ጥርስህ ይሄዳል፣ ጉልበትህ ይሄዳል። ከገባህ ይሄ ሁሉ አለ። ካልገባህ ደግሞ ቤት እንሂድ፤ ምሳ ደርሷል።"

"ካልገባሁ የአብዲ እግር ይተርፋል?"

"እሱማ ከሌላ ሰው ጋር ተጣምሮ ይገባል፤ እሱን ማን ያስቀረዋል? እግሩም ያው ነው። ሲሰበር ማን እንደሚያዝለው ግን እንጃ።"

ጓንቱን አየሁት። በእውኑ ዓለም አብዲን ተሸክሜ ስወጣ እንዴት አንገቴን አንቆ ይዞኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ያን ቀን ሕመሙ እያንቀጠቀጠው "ቀስ በል፣ አንተ እንዳትወድቅ" ይለኝ ነበር። ይህን ሰው ሳላውቅ ከምኖር ጥርሴ ይርገፍ።

"እገባለሁ፣ አባባ።"

አባቴ ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገው። "መክት ብዬ ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ" አለኝ፣ ሳያየኝ። "ስትመክት ሳላይ መሞቴ ቆጭቶኛል። ዛሬ ከፊት ቁጭ ብዬ አያለሁ።"

"አመሰግናለሁ" አልኩት።

መዳፉን ጀርባዬ ላይ አድርጎ ገፋኝ። በረዶው ላይ ስንሸራተት ቀዝቃዛ ነገር ፊቴ ላይ ቸለስ አለ፤ ዓይኔን ገለጥኩ።

አቧራ ላይ በጀርባዬ ተዘርሬያለሁ። ከላዬ አብዲ፣ የሃምሳ ዓመቱ ራሰ በራ አብዲ፣ በላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ያፈስብኛል። የሰፈራችን ጤና ቡድን ከገንደ ቆሬ ጤና ቡድን ጋር የእሑድ ጨዋታውን እየተጫወተ ነው። አብዲ መሮጥ ስለማይችል በረኛችን ነው።

"ምን ሆኜ ነው?"

"ኳሷ ግንባርህን መታችህና ገባች።"

"የት?"

"የት ትገባለች፣ እኛው ላይ ነዋ! ባዶ ለባዶ ልንወጣ ስንል!"

ቀና ስል የገንደ ቆሬ ሽማግሌዎች ቦርጫቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው ጎንበስ ብሎ እጄን ጨበጠኝ። "እናመሰግናለን፣ ጋሽ መክት።" ሁለተኛውም ቀጠለ።

"ዕድሜ ልክህን ስታድን ዞር ብሎ ያየህ የለም" አለ አብዲ እየተናደደ። "ዛሬ ራስህ ላይ ብታገባ ሰልፍ ያዙልህ!"

"አንተስ አትሰለፍም?" አልኩት።

ጠርሙሱን አስቀመጠ። ከዚያ አጭሯን እግሩን እየጎተተ ሄዶ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።