ሊቀ ፊልም እና የአክተሩ ጉዳይ

ካሜራ በእጁ ነክቶ የማያውቅ፣ ነገር ግን እስከ ዛሬ የተሠራውን ፊልም ሁሉ አርሞ የጨረሰ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ካለ ንገሩኝና ጓዜን ጠቅልዬ እዚያ ልግባ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ፊልም አያይም፤ ይመረምራል። ሌላው ሲያለቅስ እሱ «ቆይ፣ ይሄ መብራት ከየት መጣ?» ይላል። ሌላው ሲስቅ «ይሄን ቀልድ ማን ነው የጻፈው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁላችንም ልባችን ተሰቅሎ ትንፋሻችንን ስንይዝ እሱ ጋደም እንዳለ «አይዟችሁ፣ ቦንቡ አይፈነዳም» ብሎን ያርፋል። ቦንቡም አይፈነዳም። ሰው የሚያናድደው ይኼኔ ነው።

ለእኛ ቤት የደረሱን የባለቤቴ አጎት ናቸው። ባለቤቴን ከጨቅላነቷ ጀምሮ እናትም አባትም ሆነው ያሳደጉ ስለሆኑ «አባዬ» ትላቸዋለች። እኔ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ከጀርባቸው ደግሞ «ሊቀ ፊልም» እላቸው ነበር። አንድ ቀን ሰሙኝ። አለቀልኝ ብዬ አንገቴን ስደፋ «ማዕረጉ ትንሽ ዘገየ» ብለው ወደ ፊልማቸው ተመለሱ።

ሥራቸው ቴሌቪዥን መጠገን ነው። ጠባብ ሱቃቸው ውስጥ ሆዳቸው የተከፈተ ቴሌቪዥኖች እስከ ጣሪያው ተደራርበዋል፤ መካከል ላይ አንዲት ድጋፏ የተሰበረ ወንበር አለች፤ የሊቀ ፊልም መንበር እሷ ናት። እሳቸው ጋ ጥገና ቶሎ ያልቃል። የማያልቀው «ሙከራ» የሚባለው ነገር ነው።

አንዲት ልብስ ሰፊ ቴሌቪዥኗን ልትወስድ መጣች።

«ጋሼ፣ አልደረሰም?»

«እየሞከርኩት ነው፣ ቁጭ በይ።»

«ይኸው እየሠራ አይደል እንዴ!»

«አሁንማ ይሠራል። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ቢጠፋስ? ገዳዩን ሳናውቅ ልንቀር ነው?»

ሴትየዋ እየተነጫነጨች ቁጭ አለች። ገዳዩ ሲያዝ እሷም እያጨበጨበች ነበር። በሳምንቱ ያንኑ ቴሌቪዥን ታቅፋ መጣችና «ትንሽ ይንጫጫል መሰለኝ» አለች። ምንም አልሆነም ነበር። ሊቀ ፊልም ግን የሰው ሆድ ያውቃሉ፤ ሁለተኛ ወንበር ፈልገው አመጡላት።

ከእሳቸው ጋር ሲኒማ ቤት መግባትማ ሌላ ጣጣ ነው። ፊልሙ ላይ ያለችው ልጅ ወደ ጨለማው ምድር ቤት መውረድ ስትጀምር «አትግቢ! መጀመሪያ መብራቱን አብሪ! ወይ ጉድ፣ ማብሪያው እኮ እጇ ሥር ነው!» ይሏታል ጮክ ብለው። አንዴ ከኋላችን የተቀመጠ ሰው ትዕግሥቱ አለቀና «አባት፣ እባክዎ ዝም ይበሉ» አላቸው።

«እኔ ዝም ልል እችላለሁ» አሉት ዞር ብለው፤ «እሷ ግን ትሞታለች።»

ሞተች። ሰውየውም ዝም አለ። ፊልሙ ሊጋመስ ሲል ያው ሰው አንገቱን በመካከላችን አስግጎ «አባት፣ ይቅርታ፣ ወንድምየው ነው እንዴ የገደላት?» ብሎ አንሾካሾከ። ወደ መጨረሻው ሦስት ረድፍ ሰው ወደ ሸራው ማየት ትቶ እሳቸውን ያይ ነበር። እኔ መቀመጫዬ ላይ ሟሙቼ አልቄያለሁ።

ትችታቸው ፊልም ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! በሠርጋችን ቀን ከመኪና ስንወርድ «ካት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ራሱ ደንግጦ አቆመ። ሊቀ ፊልም ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ቆመዋል። «ተመለሱ! እንደገና ውረዱ! ሙሽሪት ግሩም ናት። ሙሽራው ግን ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ ነው የሚመስለው።» ሰው እየሳቀ ተመልሰን ገባን፤ ደግመን ወረድን። በኋላ ቪዲዮውን ስናይ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ልጄ አክተር ናት። አንተ አጃቢ ነህ።»

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ለሊቀ ፊልምም አክተር ማለት ፊልም ላይ የሚሠራ ሰው ማለት አይደለም። አክተር ማለት ያ ዋናው ሰውዬ ነው፤ ጥይት እንደ ዝናብ ሲወርድበት ኮቱ ብቻ የሚበሳው። በአንድ ፊልም ውስጥ አክተር አንድ ነው። የቀረው፣ አምስትም ይሁን አምስት ሺህ፣ አጃቢ ነው። ሕጋቸው ደግሞ አጭር ነው፦ «አክተር አይሞትም!»

እኔ ጋዜጣ ላይ እየጻፍኩ የምበላ ሰው ነኝ፤ ቃል ያለቦታው ሲገባ ያመኛል። ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት አንድ ቀን አላስችል አለኝና «ጋሼ፣ አክተር ማለት እኮ ተዋናይ ማለት ነው» አልኳቸው። «በር ከፍቶ የሚዘጋውም አክተር ነው። ወድቆ የሚሞተውም አክተር ነው። ሁሉም አክተር ነው።»

ሊቀ ፊልም ለረጅም ጊዜ በሐዘኔታ አዩኝ።

«ሁሉም አክተር ከሆነማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ማን ሊሞት ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ እንኳ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ስለ ፖለቲካም ሆነ ስለ ጉንፋን አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንዱ ተነሥቶ «ታዲያ ማን ሊሞት ነው?» ይለኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ እጅግ አድርጎ አናዶኛል።

ስለዚህ አንድ ፊልም ላይ አክተሩ የሞተ ዕለት ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ድብን ብሎ ነው የሞተው፤ ቀብሩንም አሳይተውናል። መብራት በራ፤ ሰው ወጣ። ሊቀ ፊልም አልተነሡም። «ይመለሳል» አሉ። ጽዳት ሠራተኛዋ በእግራቸው ሥር ስትጠርግ እግራቸውን አንሥተው መጠበቃቸውን ቀጠሉ። ጎትቼ አወጣኋቸው። ለቀናት ሱቃቸው ውስጥ ሐዘን ላይ እንዳለ ሰው ተቀመጡ፤ ሙከራ የሚባል ነገር ቀረ። ከዚያ አንድ ጠዋት ፊታቸው በርቶ ቤታችን መጡ።

«ደረስኩበት! የሞተው አክተሩ አይደለም። አክተሩ ያ መኪና የሚነዳው ልጅ ነበር!»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ሁለት ቃል ነው የተናገረው።»

«ቢሆንስ? ተርፏል። አክተሩ ማን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ነው የሚታወቀው፤ የተረፈው ነው አክተሩ። እስከዚያ ድረስ አጃቢው ራሱን አክተር ነኝ ብሎ ሊያስብ ይችላል።»

ሕጉ ዳነ። እኔም ተስፋ ቆረጥኩ።

ከዚያ በኋላ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። መጀመሪያ ላይ ደበቁን፤ ኋላ ላይ ምግብ ሲያስጠላቸው ባለቤቴ በግድ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ሆዳቸው ውስጥ መውጣት ያለበት እብጠት እንዳለ ነገራቸው። ሊቀ ፊልም ይህንኑ ለእኔ ሲተርኩልኝ በሽታውን አለፉትና ሐኪሙ ላይ ወረዱበት።

«ንግግሩ ጥሩ ነው፤ ድምፁም ይሰማል። ግን ከመናገሩ በፊት መነጽሩን አወለቀ! ይሄን ስንት ፊልም ላይ አይተነዋል? መነጽሩ ሲወልቅ እኮ ታሪኩ አለቀ። ተመልካቹን ትንሽ እንኳ አያጓጓም።»

ሲስተሯንም አልማሯትም። «ልጄ፣ መርፌውን ከጀርባሽ ደብቀሽ ስትገቢ ነው የሚያስፈራው። በግልጽ ይዘሽ ግቢ» አሏት። እሷም ከዚያ ወዲያ በግልጽ ይዛ ትገባ ጀመር። ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል ውስጥ አራት አልጋ አለ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊልም የሚያሳይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። በሁለት ቀን ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ተማሪያቸው ሆነ። እኔና ባለቤቴም «ምንም አልሆኑም፣ እኚህ ሰውዬ እኛን ይቀብራሉ» እያልን ተጽናናን።

ቀዶ ጥገናቸው በሚደረግበት ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ስደርስ ባለቤቴን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም አላሉም።»

«እሺ፣ ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«አልገባህም! ፊልም እየታየ ነው። አንዱ ሰውዬ ከፎቅ ወድቆ ተነሥቶ ሮጠ። አባዬ ምንም አላሉም።»

ከፎቅ ወድቆ ለተነሣ ሰው ሊቀ ፊልም ዝም ካሉ ነገሩ የምር ነው።

ገባሁ። ትራሳቸው ላይ ከፍ ብለው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ጎናቸው ቁጭ ስል እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ቀዝቅዟል። ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አራት አልጋ ነው ያለው» አሉኝ። «አራታችንም ለቀዶ ጥገና ነው የተኛነው።»

«አዎ ጋሼ።»

«አክተር ደግሞ አንድ ነው።»

መጀመሪያ ልስቅ ነበር። ዓይናቸውን ሳይ ተውኩት።

«ያንን ልጅ እየው፤ በመስኮቱ በኩል ያለውን። ሹፌር ነው። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። እጮኛው በየቀኑ እየመጣች እጁን ይዛ ታለቅሳለች። ምን ያጠራጥራል? አክተሩ እሱ ነው። እኔ ማነኝ? የሰው ቴሌቪዥን የምጠግን ሽማግሌ። መልኬም የአጃቢ መልክ ነው። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ አክተር ነኝ እያልኩ ስኖር...» አልጨረሱትም።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ምን ይባላል? ሐኪሙ ጎበዝ ነው ልበላቸው? መነጽሩን አውልቋል። ጸሎት እናደርጋለን ልበላቸው? ፊልም ላይ እንዲያ የሚባለው ለማን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። እኔ ያለኝ ያ የተሳቀበት አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ነግሬዎታለሁ። አክተር ማለት እንደዚያ ማለት አይደለም። እርስዎ እንቢ ብለውኝ ነው እንጂ ሁሉም አክተር ነው። ሹፌሩም አክተር ነው። እርስዎም አክተር ነዎት። እነዚያ ሁለቱም አክተር ናቸው።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«መዝገበ ቃላት ላይ አለ?»

«አለ!» አልኩ። የትኛው ላይ ብለው ቢጠይቁኝ አልቆልኝ ነበር።

ከዚያ ያንን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ቤት ያፈረሰውን፣ ስሰማው የምናደድበትን። አሁን ግን ሲጠይቁ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር።

«ሁሉም አክተር ከሆነ... ማን ሊሞት ነው?»

«ማንም» አልኳቸው።

እጄን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ። «ይሄ ሰውዬ» አሉ ጮክ ብለው፣ «ከፎቅ ወድቆ ኮፍያው እንዴት አልወለቀም?» ሹፌሩ ከመስኮቱ በኩል ሳቀ። በሩ ላይ የቆመችው ባለቤቴ ሳቅ አምልጧት መልሳ ማልቀስ ጀመረች።

በማግስቱ ከቀዶ ጥገናው ክፍል እስኪወጡ ድረስ ያሳለፍነውን አልተርክም፤ ጠላቴም አይየው። ሐኪሙ ወጥቶ «ተሳክቷል» ሲል መነጽሩን አላወለቀም ነበር። እኛን ያስገቡን ከነቁ በኋላ ነው። ሊቀ ፊልም ዓይናቸውን በግድ ገለጥ አድርገው መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል፤ አፍንጫዬም እንደዚያው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጎንበስ አልኩ።

«አሁን ገና» አሉኝ በተሰባበረ ድምፅ፣ «ተወንክ።»

አራቱም ከሆስፒታሉ በእግራቸው ወጡ። ዛሬ ሌሎቹ ሦስቱ የሊቀ ፊልም ሱቅ ቋሚ ደንበኞች ናቸው፤ አንዳቸውም ግን የተበላሸ ቴሌቪዥን የላቸውም።

ጣጣው እኔ ላይ ነው የመጣው። ባለፈው ሳምንት ሊቀ ፊልምን ይዤ ሲኒማ ቤት ገባሁ። ገና ፊልሙ ከመጀመሩ በር ላይ የቆመ አንድ ዘበኛ ተተኮሰበትና ወደቀ። ስም የለውም፤ ቃል አልተናገረም። አክተሩ በላዩ ላይ ተሻግሮ ሄደ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ብድግ አልኩ።

«እንዴ! ሰውየውን አንሡት እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። «እሱም እኮ አክተር ነው!»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሊቀ ፊልም በኮቴ ጫፍ ስበው አስቀመጡኝ፤ ግራና ቀኝ እያዩ፣ አፍረው፣ በሹክሹክታ።

«ቁጭ በል እንጂ፣ ሰው ያየናል። ፊልም እኮ ነው» አሉኝ፤ ኮቴን ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቁትም።