የጾም ከረሜላ

ሬዲዮ መጠገንም ሆነ ሰዓት መፍታት ያለ አስተማሪ የቻልሁ ሰው ነኝ፤ አዘዞ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ እንግዳ መሆን አለበት። ታዲያ የሳል ከረሜላ ምን ያቅተኛል?

ዛሬ ግን የማወጋችሁ እየሳለ እንኳ «የጾም ነው?» ሳይል አፉን ስለማይከፍት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤታችን መሪጌታ እንደዚያ ናቸው።

የታኅሣሥ ገብርኤልን ማኅሌት ሊመሩ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ሳል ድምፃቸውን ዘጋው። እኔም ማርና ዝንጅብል አፍልቼ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ጠብ ሲል እስኪደርቅ ጠብቄ፣ ትሪ ላይ ገልብጬ ቆራረጥሁና ወሰድሁላቸው። አንዷን አንሥተው አሸተቱ።

«አያ ፈንታ፣ ትሪውን በምን ቀቡት?» አሉ በሹክሹክታ።

«እንዳይጣበቅ በቅቤ ነዋ። ሸጋ ቅቤ ነው።»

«በጾመ ነቢያት?»

«ምነው መሪጌታ፣ መድኃኒት እኮ ነው። ድምፅዎ ካልተከፈተ ማን ሊመራ?»

«ገብርኤል ካልፈለገው ዝም እላለሁ። በቅቤ የተከፈተ ጉሮሮ ይዤ ግን ፊቱ አልቆምም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ብሆን እውጣት ነበር። የማደንቃቸውም ለዚህ ነው። ቤት ስመለስ ሚስቴ ሳቋ እያመለጣት የኑግ ዘይቱን ጠርሙስ አቀበለችኝ፤ እንደገና ሠራሁ።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልዘርዝር፦ ሁለት ጊዜ ማር ሳላሳርር አፈላሁ፤ የአንድ ሊቅ ጾም አላስፈታሁም፤ የተዘጋ ጉሮሮ ከፈትሁ፤ በበዓሉም ዕለት ከቅጥሩ ውጭ ለቆመው ሕዝብ ሁሉ ያ ድምፅ እንዲደርስ አደረግሁ። የመሪጌታ ድርሻ መዘመር ብቻ ነበር።