ፕሮጀክተሩ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደወደቀ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ለቡ መብራት ኃይል፣ የእንግሊዝኛ ንባብና ሪፖርት አጻጻፍ ማሠልጠኛ፣ ክፍል 2
ሰዓት፦ 8፡00 ሊጀመር ታስቦ 9፡10 ተጀመረ

የተገኙ፦
አቶ ዳኜ፣ የተማሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወ/ሮ ቀመሪያ፣ አባል
ወ/ት ትሕትና፣ ጸሐፊ
አቶ ሬድዋን፣ አባል (ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነው በስልክ)
ያለ ድምፅ፦ መምህር ሕዝቅኤል፤ ወ/ሮ አማከለች፣ የማሠልጠኛው ጽዳት ሠራተኛና የክፍሉ ተማሪ

ከሰባት አባላት ሦስቱ በአካል ተገኝተዋል። አቶ ሬድዋን የመጣው ድምፃቸው ብቻ ስለሆነ እንደ ግማሽ ሰው ተቆጠሩ። ሦስት ተኩል የሰባት ግማሽ በመሆኑ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ተባለ።

አጀንዳ 1፦ ስለ ሪፖርቱ
ሰብሳቢው ከሥራ አስኪያጁ የመጣውን ደብዳቤ አነበቡ። ባለፈው ቅዳሜ ስለተሰበረው ፕሮጀክተር ክፍሉ እስከ ሰኞ በእንግሊዝኛ ሪፖርት እንዲያቀርብ፣ ይህም እንደ መጨረሻ ፈተና እንደሚታይ፣ የጣለው ሰው ካልተገለጸ ግን ቁልፍ የሚይዙት ወ/ሮ አማከለች ከሥራ እንደሚሰናበቱ ይላል። ፕሮጀክተሩን የጣሉት ሰብሳቢው፣ ፊደሉ እንዲጎላላቸው ወደ ግድግዳው ሊያስጠጉት ሲያነሱት መሆኑን ክፍሉ በሙሉ ስላየ በዚህ ነጥብ ላይ ውይይት አላስፈለገም። ሰብሳቢው ግን በጨዋ ሪፖርት አድራጊው እንደማይጠራ ተምረናልና «ዘ ፕሮጀክተር ዋዝ ድሮፕድ»፣ ማለትም ፕሮጀክተሩ ተጣለ ብለን እንዝጋው አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ፕሮጀክተሩ ማንም ሳይጥለው እንዲወድቅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ «ባይ»
ወ/ሮ አማከለች ታዲያ ማን ጣለው ሲባል እኔ ልባረር ነው ወይ ብለው ጠየቁ። መምህር ሕዝቅኤል አድራጊውን መግለጽ ከተፈለገ መጨረሻ ላይ «ባይ» ተብሎ ስሙ እንደሚገባ አስረድተው፣ ሰሌዳው ላይ ለምሳሌ «ባይ ዳኜ» ብለው ጻፉ። ሰብሳቢው ይህ ስንብት ነው፣ ሰብሳቢን ቻው ለማለት ጠቅላላ ጉባኤ መጠራት አለበት ሲሉ ተቆጡ። ወ/ሮ ቀመሪያም ልጃቸው ስልክ ስትዘጋ ሁልጊዜ «ባይ» እንደምትል መሰከሩ። መምህሩ ሁለቱ ቃላት አጻጻፋቸው እንደሚለያይ ሃያ ደቂቃ ወስደው አሳመኑ። ወዲያው አቶ ሬድዋን ታክሲ መጣ ብለው «ባይ» ስላሉ ጉዳዩ እንደገና ተከፈተ። ታክሲው ሞልቶ ስላለፋቸው ወደ ስብሰባው ተመለሱ።

ሰብሳቢው ለማስታረቅ «ባይ ግራቪቲ» እንዲባል፣ ጥፋቱም ለመሬት ስበት እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። የመሬት ስበት በስብሰባው ተገኝቶ ስላልተቃወመ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ምንጭ
መምህሩ በሪፖርት ለሚጻፍ ነገር ሁሉ ምንጭ ይጠቀሳል አሉ። ወ/ሮ አማከለች ምንጩ እኔ ነኝ፣ በዓይኔ አይቻለሁ አሉ። ሰብሳቢው ወ/ሮ አማከለች ያልታተሙ ምንጭ በመሆናቸው እንደማይጠቀሱ አሳሰቡ። ይህም ተወሰነ። ጸሐፊዋ እዚህ ላይ ማፈሯ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠይቃለች፤ ይዛዋለች።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ
ወ/ሮ አማከለች ከሽርጣቸው ኪስ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው የራሳቸውን ሪፖርት አነበቡ፦ «ሚስተር ዳኜ ድሮፕድ ዘ ፕሮጀክተር። አይ ሶው ሂም። አይ ኒድ ማይ ጆብ።» አቶ ዳኜ ፕሮጀክተሩን ጣሉት፣ አይቻቸዋለሁ፣ ሥራዬ ያስፈልገኛል ማለት ነው። መምህሩ ቀይ እስክሪብቷቸውን ከፍተው ሁለት ጊዜ ካነበቡ በኋላ መልሰው ከደኑት፤ በሦስት ወር ከዚህ ክፍል ስህተት የሌለበት ጽሑፍ ሲያዩ የመጀመሪያቸው መሆኑን ገለጹ። ሰብሳቢው ጽሑፉ አድራጊ ስላለበት ጨዋነት ይጎድለዋል አሉ። ወ/ሮ ቀመሪያ እኛም እኮ አይተናል፣ በሰዋስው ሰበብ የሴትዮዋን እንጀራ ልንዘጋ ነው ወይ አሉ።

በሁለት ተኩል ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ፣ ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ የወ/ሮ አማከለች ጽሑፍ አንዲት ነጥብ ሳትነካ የክፍሉ ሪፖርት ሆኖ እንዲገባ ተወሰነ።

ስብሰባው 11፡25 ላይ ተዘጋ። ሰብሳቢው ከመፈረማቸው በፊት በአጀንዳ 1 «የጣሉት ሰብሳቢው» የሚለው «ተጥሎ የተገኘው» ተብሎ እንዲስተካከል ጠየቁ። አላስተካከልኩም። ይህን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ትሕትና።